የብዙነሽ ቅጠልና ክፍቱ ምንጭ

ዓመቱን ብትጠይቁኝ በትክክል አላስታውሰውም። አንዳንዴ ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግሥት ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ለባቡሩ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ በጣውላ ላይ እየተረማመድን ወደ ሱቃችን የምንገባበት ጊዜ ይመስለኛል። ወሩን ግን አልስትም። ግንቦት ነበር። ሰው ሁሉ ዝናቡ ሳይቀድመው በርበሬውን ሊያሰናዳ ይሯሯጣል፤ ከበርበሬ በረንዳ የሚነሳው ነፋስ ከራጉኤል ጀርባ እኛ ቅያስ ድረስ እየዘለቀ አላፊ አግዳሚውን ያስነጥሳል። እስከ ዛሬም በግንቦት ባስነጠስኩ ቁጥር ያ ጊዜ ነው ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው።

አሁን ያስነሳብኝ ግን በርበሬ ሳይሆን ሠርግ ነው። ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ስታገባ ተጠርቼ ሄድኩ። ሽማግሌዎችን ከድምፅ ማጉያው ሥር ማስቀመጥ ምን ዓይነት ደንብ እንደሆነ አላውቅም። እዚያው ተቀምጬ፣ በግራ እጄ ጆሮዬን ይዤ በቀኜ ክትፎዬን እየጎረስኩ ሳለ ሙሽራዋ እንግዶቹን እያመሰገነች በእኛ ጠረጴዛ በኩል መጣች። ዓይኔ ቀሚሷ ላይ አረፈ። አንድ ቀጭን ሐረግ ከታች ከጠርዙ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ መካከል ላይ አንዲት ቅጠል ብቻ ወደ ግራ ዞራለች።

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ያዝኩት።

«ምን ወደቀብዎት ጋሼ?» አለች እየሳቀች።

«ምንም አልወደቀብኝ ልጄ። ይሄን ጥልፍ የት ነው ያሠራሽው?»

«ሽሮ ሜዳ። ከስልካቸው ላይ አሳይተውኝ መረጥኩት። ይቺን ቅጠል ሳይሳሳቱ አልቀሩም። እናስተካክልልሽ ሲሉኝ ግን ተዉልኝ አልኳቸው። እንጃ፣ ወደድኳት።»

መርቄያት አለፈች። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውም አልተሰማኝ፣ ክትፎውም አልጣመኝ።

የወጣትነቴን ጊዜ ነው የማወራችሁ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ያኔ ሃምሳን አልፌ ነበር። ግን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ወጣትነት የሚለው የስፌት መኪና ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃ ይወጣ የነበረበትን ዘመን ሁሉ ነው። ያኔ እወጣ ነበር። አሁን ራሴን ይዤ መውጣቱም ይበዛብኛል።

የጥልፍ ሱቃችን ጠባብ ናት። ከፊት ለፊት መሥሪያ፣ ከመጋረጃው ወዲያ መኖሪያ። ከምን አለሽ ተራ በኩል ቀኑን ሙሉ የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ይሰማል። መጀመሪያ የገባን ሰሞን ራስ ምታት ሆኖብን ነበር፤ በኋላ ግን እሑድ ዝም ሲል ነው ግር የሚለን። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ፣ ስሜን መጻፍ ችዬ ነው ከጉራጌ አገር የመጣሁት። የእኔን ጉድለት ባለቤቴ ብዙነሽ ትሞላው ነበር። እሷ ታስባለች፣ ትሥላለች፤ እኔ ክር እቀይራለሁ፣ ጨርቅ እወጥራለሁ፣ ማሽኑን እጠብቃለሁ።

ድሮ የምትሥለው በእርሳስ፣ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ነበር። የጥልፍ ማሽኑ ከመጣ በኋላ ግን አውቶቡስ ተራ አካባቢ ልጆቿ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ ኮምፒዩተር ተማረች። ኮምፒዩተሩ ላይ የጥልፍ መሣያ ፕሮግራም አለ። እሷ ትሥልበታለች፤ እሱ ሥዕሏን ወደ ስፌት ይለውጠዋል፤ ያንን በፍላሽ ገልብጬ ማሽኑ ላይ እሰካለሁ፤ ማሽኑ ይጠልፋል። ሥራው ይኸው ነው።

ሐረግ ስትሥል ሁልጊዜ አንዷን ቅጠል ታዞራታለች። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ተሳስተሻል አልኳት።

«አልተሳሳትኩም» አለች ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ። «ነፋስ ሲነፍስ አንዱ ቅጠል ሁልጊዜ ወደ ሌላ ይዞራል። አይተህ አታውቅም? ገጠር ያደግኸው አንተ፣ ቅጠል የማውቀው እኔ።»

ከዚያ ወዲህ ቅጠል ባየሁ ቁጥር የምፈልገው የዞረውን ነው። እውነቷን ነው፤ አለ።

የዚያን ዓመት የካቲት ላይ፣ አንድ ጠዋት ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ ቀና ማለት ግን አልቻለችም። ስትሮክ ነው አሉን ሐኪሞቹ። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኗ ግን ከዳት። የምትሥልበት እጇ ጭኗ ላይ እንደ ተረሳ ዕቃ ተጋድሞ ይውላል። ምላሷም ከበደ። የምትለውን ታውቃለች፤ ቃሉ ግን መሐል ላይ ይቆምባታል። እኔን ወልዴ ብላ መጥራት አቅቷት ወል ብላ ትቀራለች።

አጥሚቱን በማንኪያ እያጠጣኋት፣ ፊቷን እያበስኩ፣ ትድኛለሽ እላት ነበር። ደንበኞች ሲመጡም ትመለሳለች እላቸዋለሁ። በየጠዋቱ ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ የምወለውለው የምትሥልበትን ወንበር ነው። ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቅድም። አንድ ደንበኛ ሳያውቅ ጃኬቱን ቢያኖርበት አንስቼ እጁ ላይ ሰጠሁት፤ ቅር ብሎት ሄደ።

እሷ ባትሥልም የድሮ ሥዕሎቿ ነበሩ። ሁሉም ኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ «ብዙ» የሚል ስም በሰጠችው ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል። የሱቁ መተዳደሪያ እነሱ ናቸው። እንግዲህ በዚያው ግንቦት፣ ሰው የማኅበሩን ዓርማ፣ የትምህርት ቤቱን ምልክት ጥለፉልኝ እያለ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ደግሞ ከየበረንዳው የለቀመውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አንድ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስከፍት «ብዙ» የለም። ስሙን የያዘች ትንሽ ቀስት ያለባት ምልክት ብቻ ቀርታለች፤ ብነካት ብነካት አትከፈትም።

ከመጋረጃው ወዲያ እሷ እንዳትሰማ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ኮምፒዩተሩን በላስቲክ ጠቀለልኩና የምናውቀው ጠጋኝ ጋ ሮጥኩ።

«ፎርማት መደረግ አለበት አባባ» አለኝ ብዙም ሳያየው።

«ምን ማለት ነው?»

«ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ አዲስ መጫን።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ምን አለውና? ባዶ ነው እኮ።»

የመጀመሪያው ዝናብ እየመታኝ ተመለስኩ። ኮምፒዩተሩን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ ስሄድ አንድ ኩሊ «ልያዝልዎት አባቴ?» አለኝ፤ ጠበቅ አድርጌ ይዤ አለፍኩት። በጭንቅላቴ የሚዞረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ እጅ ዳግም አትሥልም ይሆናል፤ የሣለችውም ከጠፋ ብዙነሽ በምን አለች ይባላል?

ከጎናችን ክር የሚሸጥ ሽኩር የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፤ የስልጤ ሰው ነው፣ ምላሱ ስለታም፣ ሆዱ ግን ቅቤ። ፊቴን አይቶ ክሩን ለሠራተኛው ትቶ ተነሳ። «በርበሬ በረንዳ፣ እትዬ ዘምዘም ጋ እንሂድ» አለ።

«በርበሬ ልግዛ አልኩህ?»

«ልጃቸው ኮምፒዩተር ትሠራለች አንተ ሰውዬ። ተነስ።»

እትዬ ዘምዘም ከወሎ የመጡ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ወደ አርባ የምትጠጋ፣ የልጆች እናት የሆነች ሴት ናት፤ ከእናቷ መደብር በስተኋላ በላስቲክ በከለለችው ክፍል ኮምፒዩተር ትጠግናለች። በከረጢት ዛላ በርበሬ መሐል አልፈን ነው የገባነው። ሽኩር ያስነጥሳል፣ እኔ አስነጥሳለሁ፤ እሷ ብቻ ምንም አትልም። ለምዳዋለች። ብርቱካንማ ሻሿ ላይ የበርበሬ ብናኝ አርፎበታል። ሁላችንም የእትዬ ዘምዘም ልጅ ነበር የምንላት፤ ስሟን የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

የሆነውን ነገርኳት። አንድ ሲዲ አወጣችና ከተተችው።

«አይፍሩ ጋሼ። ይሄ የእርስዎን ዲስክ ሳይነካ ከሲዲው ላይ ራሱ ይነሳል። እንግዳ ነው ይበሉት፤ አይቶ ይወጣል።»

የማላውቀው ገጽ ተከፈተ። ጥጉ ላይ የወፍ ሥዕል አለ።

«ዳክዬ ናት?» አልኳት።

«ፔንግዊን ናት ጋሼ። በረዶ አገር የምትኖር ወፍ ናት።»

«መርካቶ ምን ትሠራለች ታዲያ?» አለ ሽኩር።

እሷ ግን የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገችና ዞር ብላ አየችኝ። ማሳያው ላይ «ብዙ» የሚል ፎልደር አለ። ከፈተችው። ሐረጉ፣ ዘለላው፣ መስቀሉ፣ ጨረቃው፣ ሁሉም አለ። የበርበሬ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።

«ቫይረሱ አልበላቸውም፤ ደብቋቸው ነው» አለች። «የእርስዎን ኮምፒዩተር የሚያስነሳው ዊንዶውስ የተደበቀ ነው ሲሉት እሺ ብሎ ያልፋል። በእሱ ፈንታ የሚገባው ይሄ ሊኑክስ የሚባለው ግን ያንን ድብቆሽ አይጫወትም፤ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ይሄንን እንድጭንልዎት ከፈለጉ ነጻ ነው።»

ነጻ ስትል እኔ ሐኪም ቤት የምርመራ ውጤት እንደሚነገረው መሰለኝ፤ ከበሽታው ነጻ ነው ያለችኝ። «ተመስገን» አልኩ። በኋላ ነው ዋጋ አይከፈልበትም ማለቷ እንደሆነ የገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ደስ አላለኝም።

«በነጻ?» አለ ሽኩር ቀድሞኝ። «መርካቶ ውስጥ በነጻ የሚሰጥ ግፊያ ብቻ ነው።»

«ከሠሩት ሰዎች ነው በነጻ የሚሰጠው ጋሽ ሽኩር። ምንጩ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ያየዋል፣ ያሻሽለዋል።»

ይሄኔ ይበልጥ ደነገጥኩ። እኔ ምንጭ ስባል የማውቀው የአገሬን የውኃ ምንጭ ነው። ልጅ ሆነን ምንጩ ካልታጠረ ከብት እየገባ ያደፈርሰዋል፤ አባቶቻችን በእሾህ ያጥሩት ነበር።

«ልጄ» አልኳት፣ «ክፍት ከሆነማ ከብቱም ቫይረሱም አይገባበትም?»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። አልናቀችኝም።

«ጋሼ፣ እናቴ ጋ ሲመጡ የሚገዙት የተፈጨውን ነው ዛላውን?»

«ዛላውን ነዋ።»

«ለምን?»

«የተፈጨው ውስጥ ምን እንደገባ ማን ያውቃል? ሸክላ ፈጭተው የሚቀላቅሉ አሉ ይባላል።»

«እኔ ጋ ሸክላ የለም ጋሽ ወልዴ» አሉ እትዬ ዘምዘም ከፊት ሆነው።

«ኧረ እርስዎን አላልኩም እትዬ።»

«ይሄም ዛላው የሚታይ በርበሬ ማለት ነው» አለች ልጅቱ። «ድንጋይ ካለው የሚያይ ሰው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይለቀማል። ፈጭቶ ቅመሙን እንደ ፍላጎቱ የሚጨምርም አለ። የእርስዎ ዊንዶውስ የተፈጨው ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፤ ገልጠው ማየት አይችሉም እንጂ። በዚያ ላይ በየፍላሹ የሚዞረው ቫይረስ የተሠራው ለእሱ ነው፤ እዚህ ቢመጣ የሚሠራው የለውም።»

ይሄ ገባኝ። ኮምፒዩተር ባላውቅ በርበሬ አውቃለሁ። ጫኚልኝ ልላት አፌን ስከፍት እጇን ከፍ አድርጋ አቆመችኝ።

«አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ማሽኑ የሚጠልፋቸው ያለቁት ሥዕሎች ናቸው፤ እነሱ በዚህም ይሄዳሉ። የመሣያው ፕሮግራም ግን እዚህ ላይ አይሠራም። ይሄ ዲስክ ደግሞ ስላረጀ ሁለቱን ጎን ለጎን አይሸከምም። ይሄንን ከጫንን መሣያው ይጠፋል። ፕሮግራሙ በእጅዎ አለ?»

አልነበረኝም። የጫነልን ሰው አገር ከለቀቀ ቆይቷል።

ሥዕሎቹን ለጊዜው ሲዲ ላይ ገለበጠችልኝና አሮጌውን እንዳለ ይዤ ተመለስኩ። ሽኩር መንገዱን ሙሉ ያብራራልኛል፤ ወይ በቫይረሱ መሠቃየት ነው፣ ወይ ዳክዬዋን ማስገባት ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል ይለኛል። እሱ የሚያየው ሱቁን ነው። እኔ የማየው ወንበሩን ነው። ሥዕሎቹ ተርፈዋል፤ አሁን የቀረችው የሣለቻቸው ናት። መሣያውን አጥፉት ማለት እኮ ብዙነሽ ከእንግዲህ አትሥልም ብሎ በገዛ አፍ መፍረድ ነው። ማነኝና ነው እኔ የምፈርደው?

እንዲሁ ሰነበትኩ። «ብዙ» ይጠፋል፣ የእትዬ ዘምዘም ልጅ ጋ እሮጣለሁ፣ ትመልስልኛለች፣ አንድ ሰው ፍላሹን ይሰካል፣ ተመልሶ ይጠፋል። የእኔም ፍላሽ ይመረዝና ማሽኑ ማንበብ እምቢ ይላል። የሠርግ ወቅት ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ ማሽኑ ላይ ተወጥሮ መርፌው ሐረጉ መሐል ላይ ቆሟል። የሙሽራዋ እናት መጥተው የቆመውን መርፌ ሲያዩ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ጨርቃቸውን እየሰበሰቡ ወደ ሌላ ቤት የሄዱም አሉ። ዲስኩ ደግሞ ጣር እንደያዘው ሰው ያቃስታል፤ በከፈትኩት ቁጥር ዛሬስ ተነሳ፣ ነገስ እላለሁ።

አንድ ቀን ራጉኤል ቅጥር ግቢ ገብቼ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ልጸልይ ብዬ ነበር። ግን ስለ ኮምፒዩተር ለመልአክ እንዴት ይነገራል? እጇን መልስላት አልኩ። ካልሆነ ደግሞ ብዬ ቀጠልኩና ቀሪውን መጨረስ አቃተኝ። አጠገቤ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ያለቅሳሉ። እሳቸውን እየሰማሁ ቆይቼ ወጣሁ። ከበር ላይ ለብዙነሽ ትኩስ ዳቦ ገዛሁ፤ መንገድ ላይ በዝናብ በሰበሰብኝ። በዳቦው ምክንያት አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል?

ብዙነሽ ምንም አትጠይቀኝም። እጇ ከከዳት ወዲህ ስለ ሥዕል አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። እኔም ተስፋዋ እንዳይቆረጥ ብዬ ነገሩን ከእሷ ደበቅኩ። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ ቫይረስ በምን ተሻልኩ?

በመጨረሻ የእትዬ ዘምዘም ልጅ ራሷ ሱቃችን መጣች። በአንድ እጇ ሲዲውን፣ በሌላው እናቷ ለበሽተኛዋ የላኩትን ድልህ በብርጭቆ ይዛለች። ወንበሩን አላቀረብኩላትም፤ እሷም አይታ ገብቷት ይሁን አላውቅም፣ ቆማ ኮምፒዩተሩን ከፈተችው። የሚያቃስተውን ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

«ብዙ አይቆይም ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መወሰን አለብዎት።»

«ስትድን ምን እላታለሁ?» አልኩ በሹክሹክታ። «ተነስታ ወንበሯ ላይ ብትቀመጥና መሣያው ባይኖርስ? እንደምትድኚ አላምንም ነበር ልበላት?»

መልሱ የመጣው ከመጋረጃው ወዲያ ነው።

«ወል።»

መጋረጃውን ገለጥኩ። ብዙነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ በግራ እጇ ተደግፋ ተቀምጣለች። ለካ ሁሉንም ስትሰማ ነው የከረመችው። ያ ቀጭን ጨርቅ ምን ይሸሽጋል? በአገጯ ወንበሩን አመለከተችኝ።

በሁለት ጎን ደግፈን አመጣናትና አስቀመጥናት። ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። የእትዬ ዘምዘም ልጅ ሲዲውን ከተተች፤ የዳክዬዋ ገጽ ተከፈተ፤ «ብዙ»ን ከፍታ ሐረጉን ማሳያው ሙሉ አደረገችላት። ብዙነሽ ከታች ጀምራ በዓይኗ ወጣች። ግራ እጇን ዘረጋችና ጣቷን በዞረችው ቅጠል ላይ አሳረፈች።

«አለች» አለች።

«አለች» አልኳት። «ግን ብዙዬ፣ ይሄን ካስገባን መሣያው ይጠፋል። አንቺ ደግሞ ስትድኚ…»

ልጨርሰው አልፈቀደችልኝም። በግራ እጇ ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አነሳች። የሰው ዕቃ እንደሚነሳ፣ በጥንቃቄ፣ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቴ አኖረችው። እይ ማለቷ ነው። እኔም አየሁት። በየጠዋቱ ሳጥበው የነበረውን እጅ ያን ጊዜ ገና አየሁት። ጣቶቹ እንደታጠፉ ናቸው።

«ይበቃል» አለች። ቃሉ ሳይሰበር ነው የወጣው።

ከምን አለሽ ተራ ቅጥቀጣው ይሰማል። የእትዬ ዘምዘም ልጅ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። እኔ አንገቴን አቀረቀርኩ። ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ፤ ተስፋ ሲቆረጥ ድምፅ የለውም። ትልቅ ነገር የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። እንዲያው ዝም ነው ያለው።

«ጫኚው ልጄ» አልኩ።

ልጅቱ ስትጭን ብዙነሽ ከወንበሩ አልተነሳችም። መሣያው የነበረበት ቦታ ባዶ ሲሆን አብራ አየች። እኔ አላየሁም፤ ማሽኑ ላይ ክር የምቀይር መስዬ ጀርባዬን ሰጠሁ። ሁሉም አልቆ ልጅቱ ሻሿን አስተካክላ ልትሄድ ስትል ብዙነሽ ጠራቻት። ጠራቻት ስል፣ በግራ እጇ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

«ም… ርቃት» አለች።

ልጅቱ ልትመርቀኝ ነው ብላ ጎንበስ አለችላት፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። እኔም አሜን ልል ተዘጋጀሁ። ብዙነሽ ግን ራሷን በንዴት ነቀነቀች። ማሳያውን ታመለክታለች፣ ፍላሹን ታመለክታለች፣ መልሳ ልጅቱን ታመለክታለች። «ምርቃት» አለች ደግማ።

ቀድሞ የገባት የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ናት። ገበያ ውስጥ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ነጋዴው አንድ እፍኝ በላዩ ይጨምራል፤ ያም ምርቃት ነው የሚባለው። ያቺን እፍኝ የማይጨምር ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ስሙ ይጠፋል።

«ሥዕሎቹን ነው እንዴ?» አለች ቀና ብላ። «ለእኔ?»

ብዙነሽ እጇን ከልጅቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ውጭው ወሰደችው። ለአንቺም፣ ለሌላውም ማለቷ ነው።

እኔ ደነገጥኩ። ጥልፍ ሠሪ ሥዕሉን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው፤ ከጎረቤት ጋር የምንጣላው በእሱ ነው። «ብዙዬ፣ ሥዕልሽ እኮ እንጀራችን ነው» አልኳት። አየችኝ። ከዚያ በኋላ ክርክር አላስፈለገኝም። ከእንግዲህ የማትሥል ሴት የሣለችው እንዲኖርላት ፈለገች። በአንድ አሮጌ ዲስክ ውስጥ ሳይሆን በብዙ ሰው እጅ። ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ ከሽኩር ጋር ስለ ክፍቱ ምንጭ ሳወራ ሰምታ ይሆናል፤ ከእኔ ቀድሞ ገብቷት ይሆናል።

ሽኩር ሲሰማ «አብደሃል፤ ገበያህን ለጎረቤት አደልከው» አለኝ። አልዋሽም፣ ደንበኛ ሸሸን። የእትዬ ዘምዘም ልጅ ለጠየቃት ሁሉ እየገለበጠች ስለሰጠች ሐረጉን ሌሎችም ይጠልፉት ጀመር። እኛ ግን በልተን አደርን፤ ኮምፒዩተሩ ዳግም አልከዳንም፤ የሰው ፍላሽ ያመጣው ቫይረስ ሁሉ ዳክዬዋ ጋ ሲደርስ አርፎ ይተኛል። ብዙነሽ ጥቂት ክረምቶችን ከእኔ ጋር ኖረች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ የክር ቀለም ትመርጥልኛለች፤ ስሳሳት ጠረጴዛውን ትመታለች። ሥዕል ግን አልሣለችም።

የሠርጉ ዕለት ልወጣ ስል ሙሽራዋ በር ላይ ደረሰችብኝ።

«ጋሼ፣ ቅጠሏን ያውቋታል አይደል?»

«የባለቤቴ ናት። ነፍሷን ይማር።»

የቀሚሷን ጠርዝ እንደገና አየችው። «ታዲያ እኔ ጋ እንዴት ደረሰች?»

የታክሲው ረዳት ይጠራል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፤ ይሄ ሁሉ እንዴት ይነገራል? አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለኝ። ዳክዬዋ የተጫነች ዕለት ብዙነሽ የጫነችውን ልጅ ከመሸኘቷ በፊት «ስም?» አለቻት። ሁላችንም የእትዬ ዘምዘም ልጅ ብለን ያለፍናትን ሴት ስሟን የጠየቀቻት፣ አፏ የማይታዘዝላት ብዙነሽ ናት። ልጅቱ ነገረቻት። ከታመመች ወዲህ የእኔን ስም እስከ ሞቷ ድረስ ሙሉ ብላው የማታውቅ ሴት፣ ያንን ስም ሳትሰናከል፣ ሳትሰብረው፣ ደጋግማ ጠራችው። ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ ምላሷን የምታፍታታበት እሱ ሆነ።

እኔም ለሙሽራዋ ያንኑ ስም ብቻ ነገርኳት። ሰዓዳ።